ሰማንያ ስድስት በመቶ

ሐመልማል ናሆም ሥራ ማግኘቷን የሰማችው ከአባቷ ጋር ምሳ እየበላች ሳለ ነው።

የእኩለ ቀኑ የሙቀት ደወል ተደውሎ የድሬዳዋ ጎዳናዎች ጭር ብለዋል። በዚያ ሰዓት ውጭ የሚንቀሳቀስ ሰው የለም። ባለሱቁም፣ ባለባጃጁም፣ ፖሊሱም ደወሉን ሲሰማ ቅርብ ወዳለ ጣሪያ ሥር ይገባል፤ እስከ አሥር ሰዓት ድረስም አይወጣም። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ አቶ ናሆም ዓርብ ዓርብ ደወሉ ሊደወል ሲል ከለገሀሬ ተነስተው ሳቢያን ወደሚገኘው የልጃቸው ቤት ይመጣሉ። ሐመልማል አንድያ ልጃቸው ናት። ይበላሉ፣ ወንበር ላይ ጋደም ብለው ያንቀላፋሉ፣ በረድ ሲል ይሄዳሉ። ጡረታ የወጡ የባቡር ተቆጣጣሪ ናቸው፤ ብዙ አያወሩም።

ከሐመልማል ጋር የምትኖረው መክሊት ዓርብ ዓርብ ከምታስተምርበት መዋዕለ ሕፃናት ወደ ቤት የምትመለሰው አመሻሽ ላይ ነው። አጋጣሚ አይደለም። አቶ ናሆም መክሊትን የሚያውቋት «ኪራይ የምትጋራሽ ልጅ» ብለው ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ መኝታ ቤት ያለው ቤት ኪራይ የሚጋሩ ሰዎች ምን እንደሆኑ ሦስቱም ሳያውቁት አይቀሩም። ግን ማንም ጮክ ብሎ ተናግሮት አያውቅም።

ያን ዓርብ ቤቱ ተናገረው።

«መልእክት ለወይዘሪት ሐመልማል ናሆም» አለ የግድግዳው ድምፅ፣ ለደስታ ዜና በሚጠቀምበት ቅላጼ። «ከጎህ የነፋስ ኃይል ማኅበር። እንኳን ደስ አለዎት! በተርባይን ክንፍ ጥገና ሙያ ተመርጠዋል። ማኅበራችን በዘንድሮው የብዝኃነት ዘርፍ፣ ከተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ሠራተኞቻችን አንዷ አድርጎ ሲቀበልዎ ኩራት...»

ሐመልማል ብድግ ብላ ግድግዳውን በመዳፏ መታችው። ድምፁ ጸጥ አለ።

አቶ ናሆም ዓሣ እየፈለፈሉ ነበር። አላቆሙም። አንዲት ቀጭን አጥንት አውጥተው ሳህኑ ጠርዝ ላይ አኖሩ።

«ሥራ አገኘሽ ማለት ነው?» አሉ።

«አዎ፣ አባዬ።»

«እንኳን ደስ አለሽ።»

እጃቸውን ታጠቡ፤ ባርኔጣቸውን አነሱ፤ በሩን ከፈቱ። ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ገባ።

«አባዬ! የመውጫው ደወል ገና አልተደወለም እኮ!»

«ድሬ ነው የተወለድኩት» አሉና ወጡ። ሐመልማል ደፍ ላይ ቆማ ባዶውን መንገድ መሐል ለመሐል ሲሄዱበት አየቻቸው። በየመስኮቱ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ሳያያቸው አልቀረም።

በሚቀጥለው ዓርብ አልመጡም። በሚከተለውም።

ሐመልማል ሙያዋ ስንጥቅ መፈለግ ነው። በገመድ ተንጠልጥላ፣ ከድሬ ወጣ ብለው ባሉት ኮረብቶች ላይ የተተከሉትን የነፋስ ተርባይኖች ክንፍ በእጇ እየዳበሰች፣ አሸዋ የበላውን ቦታ ታገኛለች፣ ትጠግናለች። ከቀድሞ መሥሪያ ቤቷ የወጣችው ድርጅቱ ስለተዘጋ ነው። ነገር ሲሰበር ከማዘኗ በፊት የት ጋ እንደተሰነጠቀ ማወቅ ትፈልጋለች፤ ጠባይዋ ነው። አሁንም የመጀመሪያ ጥያቄዋ «አባቴን ምን ልበለው?» አልሆነም። «ማን ነገራቸው?» የሚል ሆነ።

ምክንያቱም ለጎህ የነገረችው ነገር የለም። ሕጉ ከተሻሻለ ቆይቷል። በሚያፈቅረው ሰው ምክንያት የሚታሰር የለም፤ ቀጣሪ መጠየቅ አይችልም፤ ከጠየቀ ይቀጣል። ስለ እሷና ስለ መክሊት የምታውቅ አንዲት ቦታ ብቻ ናት፦ ከለላ።

ከለላ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ አሮጌ ዛፎች ባጠሉት ግቢ የሚገኝ የሥራ አገናኝ ቢሮ ነው። የተከፈተው ተመሳሳይ ፆታ ለሚያፈቅሩና ፆታቸው በልደታቸው ቀን ከተጻፈላቸው ለሚለይ ሥራ ፈላጊዎች ነው። ሥራ ፈላጊው ትንሽ ክፍል ውስጥ ገብቶ ለኃላፊው ስለ ራሱ ይናገራል፤ የተናገረው ይቆለፋል፤ ቁልፉ የራሱ ድምፅ ነው። ከለላ ያንን ይዞ ሰውየው ሳይዋረድ የሚሠራበትን መሥሪያ ቤት ይመርጥለታል። ለቀጣሪው የሚላከው ሙያው ብቻ ነው።

ኃላፊው ያፌት ይባላል፤ ቀጭን፣ ጺሙ ሳሳ ያለ፣ ሲያዳምጥ ዓይኑን የሚጨፍን ሰው። ሲወለድ የሴት ስም ተሰጥቶት ነበር። ያንን ስም የሚያውቁት እናቱና አንድ የቀድሞ አሠሪው ብቻ ናቸው። ከለላን የከፈተው በዚያ አሠሪ ምክንያት ነው።

«ከኛ አልወጣም» አላት ያፌት።

«እንዴት ታውቃለህ?»

«ነይ።» ወደ ጓዳ ይዟት ገባና መቆለፊያውን በድምጿ እንድትከፍተው አደረገ። የተከፈተበትን ሰዓት ሁሉ መዝግቧል። አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ ያም ራሷ የተናገረችበት ቀን ነው። ያፌት ግንባሩን ጠረገ። ፈርቶ እንደነበር ያን ጊዜ ገባት።

«ታዲያ ከየት አመጡት?» አለች።

«ሂጂና ጠይቂያቸው» አለ። «እኔ ብጠይቅ ጠበቃ ነው የሚያናግረኝ። አንቺን ግን ሊቀጥሩሽ ይፈልጋሉ።»

የጎህ የሰው ኃይል ኃላፊ ወይዘሮ ኤደን ከአዲስ አበባ የመጣች ናት፤ ድሬ አንቱታ እንደማያውቅ ገና አልለመደችም። ሐመልማልን በፈገግታ ተቀበለቻት፤ ቀዝቃዛ ውሃ አስመጣችላት።

«ስለ እኔ ማን እንደነገራችሁ ማወቅ ፈልጌ ነው» አለች ሐመልማል።

«ማንም አልነገረንም! መጠየቅማ በሕግ ክልክል ነው። እኛ እንደ ማንኛውም ማኅበር ግምት ነው የምንገዛው።»

ግምትን ሐመልማል ታውቀዋለች፤ የማያውቀው ሰው የለም። ሰው ከሚገዛው፣ ከሚሄድበት፣ አብሮ ከሚኖረው፣ ከሚስቅበት ነገር ተደምሮ በየቀኑ የሚታደስ ቁጥር ነው። ባንክ ያየዋል፣ አከራይ ያየዋል፣ አማች ያየዋል። ግምት መረጃ ስላልሆነ የግል መረጃ ሕግ እንደማይመለከተው ፍርድ ቤት ከወሰነ ቆየ። ግምት ሊሳሳት ይችላል፤ ሊሳሳት የሚችል ነገር ደግሞ ምስጢር አይባልም።

«የኔ ስንት ነው?»

ወይዘሮ ኤደን ጠረጴዛው ላይ አየት አደረገች። «ሰማንያ ስድስት በመቶ። በጣም ጥሩ ግምት ነው» አለች፣ ለፈተና ውጤት እንደሚባለው። «ለዘንድሮ የብዝኃነት ድጋፍ ብቁ ለመሆን ሁለት ሰው ይጎድለን ነበር። ከስልሳ በታች ከሆነ አይቆጠርልንም።»

«ከሦስት ወር በፊትስ ስንት ነበር?»

«ይቆዩ ልየው... አሥራ አንድ።»

ሐመልማል ውሃውን አስቀመጠች። ሰባት ዓመት ሙሉ እሷና መክሊት ተጠንቅቀዋል። ገበያ ለየብቻ ይሄዳሉ። ፎቶ አይነሱም። መክሊት የማትወደውን የእግር ኳስ ግጥሚያ ትመለከታለች፤ ሐመልማል ለማታውቀው የአጎት ልጅ ሠርግ ስጦታ ትልካለች። አሥራ አንድ የደከሙበት ቁጥር ነበር።

«በመሐል ምን ተፈጠረ?»

ወይዘሮ ኤደን ጥያቄው ግራ አጋባት። «ከለላ ገቡ እኮ» አለች።

«ከለላ ግን ምንም አልነገራችሁም።»

«አይነግሩንም። በጣም ጥንቁቆች ናቸው። ግን እዚያ የሚገባ ሌላ ማን አለ?» ቀጥላም ደግ ልብ እንዳላት ሰው ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ቅር አይበልዎት። እዚህ እኮ የሚጎዳዎ የለም። ደስ ብሎን ነው።»

«ክንፍ መጠገን እንደምችልስ አይታችኋል?»

«እሱማ!» ወይዘሮ ኤደን በድጋሚ ጠረጴዛውን አየች። «ዘጠና ሰባት።»

ሐመልማል የዚያን ዕለት አመሻሽ ቤት ስትደርስ መክሊት ቀድማት ገብታ አገኘቻት። ጫማዋን ሳታወልቅ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ነበር። ልጆች የሳሉባት ቀለም እጇ ላይ አለ፤ ቢጫ ጸሐይ፣ አረንጓዴ ውሻ።

«ዳይሬክተሯ ጠራችኝ» አለች። «ግምቴ ወጥቷል። ስልሳ አንድ።»

«ካንቺ ጋር ምን አገናኘው?»

«አብረን እንኖራለን፣ ሐሙ። ግምት ይጋባል።» ለመሳቅ ሞከረች። «የመዋዕለ ሕፃናቱ ገደብ ስልሳ ነው። ስልሳ ሲያልፍ ለወላጆች ማሳወቂያ ይሄዳል። 'እኔ ምንም ችግር የለብኝም፤ ግን ወላጆች ቁጥር ሲያዩ ይጨነቃሉ' አለችኝ። እስከ ትምህርቱ ማብቂያ ካልወረደ ዕረፍት ውሰጂ ብላኛለች።»

«ደሞዝ ያለው ዕረፍት?»

«ዕረፍት» አለች መክሊት። የእጇን ጸሐይ በሌላው አውራ ጣቷ አሸት አሸት አደረገችው፤ አልለቀቀም። «በአንዲት ነጥብ ነው። አንዲት።»

አንድ ዓይነት ቁጥር አንዷን ሥራ አስይዟል፤ ሌላይቱን ሊያስለቅቃት ነው። ሐመልማል ይህን ደጋግማ አሰበችው። ጎህ እሷን ሊቀጥር የሚፈልገው ከስልሳ በላይ ስለሆነች ነው፤ መዋዕለ ሕፃናቱ መክሊትን የማይፈልጋት ከስልሳ በላይ ስለሆነች ነው። ሁለቱም ጋ ጨዋ ሰዎች ናቸው ያሉት። ሁለቱም ጋ አንዳች የጠየቀ የለም።

በማግስቱ ማለዳ ከለላ ሄዳ ለያፌት ሁሉንም ነገረችው። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ስትጨርስም አልገለጠውም።

«በከተማው ውስጥ የሌለ ቁልፍ ነው ያሠራሁት» አለ። «ከዚያ ደጁ ላይ ምልክት ሰቀልኩ።»

«ምልክቱን ብታወርደውስ?»

«በሩ ያው ነው። ብዘጋው ደግሞ እስካሁን የገቡት ሁሉ 'ከከለላ የወጡ' እንደተባሉ ይቀራሉ። ሥራ የያዙ አሉ፣ ያልያዙ አሉ። አንቺን የመሰሉ ስንት ናቸው መሰለሽ? ሁሉንም እኔ ነኝ ያጋለጥኳቸው፤ አንድ ቃል ሳልናገር።»

በዚህ መሐል ከግቢው በር ድምፅ ተሰማ። ቀይ ድሪያ የለበሱ፣ ደልደል ያሉ ሴትዮ ከጥበቃው ጋር ይነጋገራሉ።

«ሥራ አገናኞች እናንተ ናችሁ?»

«አዎ፣ እናቴ፤ ግን ይህ ለሌላ ዓይነት ሰዎች ነው።»

«ሥራ ለማይወዱ ነው?»

ጥበቃው ሳቁን ዋጠ። «ወደ ታች ዝቅ ስትዪ ሌላ ቢሮ አለልሽ፣ እናቴ።»

ሴትዮዋ ሊመለሱ ሲሉ ሐመልማል ያፌትን አየችው። «ለምንድን ነው የምትመልሷት?»

«የኛ ሰው አይደለችም። ከገባች የሷም ግምት ይበላሻል። ሁልጊዜ ነው የምንመልሰው፤ ለነሱ ብለን...» አለና ቃሉ አፉ ውስጥ ቀረ። «ሌላ ሰውም ከገባበት እኮ በሩ ስለ ማንም አይናገርም!» አለ። ቀጥሎ ከወንበሩ ተነስቶ ወደ በሩ ሮጠ። «እናቴ! እናቴ፣ ነይ እስኪ፣ ግቢ!»

ሴትዮዋ ወይዘሮ ሐናን ይባላሉ። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ስድስት ልጆች ያሳደጉ፣ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ሲሠሩ ኖረው ሆቴሉ ሲሸጥ ያለ ሥራ የቀሩ ናቸው። ያፌት አላታለላቸውም። ከለላ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሚገባበት፣ ከገቡ ግምቱ ምን እንደሚላቸው አንድ በአንድ ነገራቸው።

«አቦ፣ ማሽኑ እኔን ሴት ትወዳለች ይላል እያልከኝ ነው?»

«ሊል ይችላል።»

ወይዘሮ ሐናን ሻሻቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሐመልማልም ሳይታወቃት አብራ ሳቀች። ከዚያ ሴትዮዋ ሻሻቸውን አስተካክለው ጠየቁ፦ «እናንተን እንዲህ እያለ ነው ሥራ የሚከለክላችሁ?»

«አንዳንዱን ይከለክላል» አለች ሐመልማል። «አንዳንዱን ደግሞ በዚሁ ይቀጥራል።»

«ሁለቱም ያው ነው። ሰውየውን ያየው የለም።» ከዚያ ወደ ያፌት ዞሩ። «እኔማ ምን ይለኛል ብዬ እፈራለሁ? ግን የመጨረሻዋ ልጄ ልትዳር ነው። የልጁ ቤተሰቦች ግምት ያያሉ። የሷን ብቻ አይደለም፤ የእናቷንም።»

«እንግዲያው አትግቢ» አለ ያፌት ወዲያው።

ሄዱ። ሐመልማልም ነገሩ በዚያው ያለቀ መሰላት። በማግስቱ ግን ወይዘሮ ሐናን ገና ደጁ ሳይከፈት በሩ ሥር ተቀምጠው ተገኙ።

«ልጄን ጠየቅኋት» አሉ። «'እማዬ፣ በዚህ የሚቀር ባል ካለ ዛሬውኑ ይቅር' አለችኝ። በል ጻፈኝ። ወጥ እሠራለሁ፤ ለመቶ ሰው ቢሆን አይጨንቀኝም።»

ያፌት የደጁን ጥበቃ ጠርቶ ከዛሬ ጀምሮ ማንም እንዳይመለስ አዘዘ። ነገር ግን ማንም ሳይነገረው እንዳይገባም አዘዘ። የሚመጣው ሁሉ በሩ ላይ እውነቱን ይሰማል፦ እዚህ መግባት ግምትህን ይነካዋል፤ የምትገባው አውቀህ ይሁን። ብዙዎች ሰምተው ይመለሳሉ። አንዳንዱ ሁለት እርምጃ ሄዶ ይቆማል፣ ዞር ብሎ ያያል፣ ይመለሳል። አንድ ሹፌር «ከሚስቴ ጋር ተማክሬ» ብሎ ሄዶ ከሚስቱ ጋር መጣ፤ ሁለቱም ተመዘገቡ። አንዲት ተማሪ እጮኛዋ ትቷት እንደሚሄድ እየተናገረች ተመዘገበች፤ እጮኛው በሁለተኛው ቀን መጥቶ ተመዘገበ። ወይዘሮ ሐናን ደግሞ ከገንደ ቆሬ ጎረቤቶቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። በየልቅሶ ቤቱ ድንኳን ሥር ተቀምጠው ያወራሉ፦ ነፋስ ላይ የምትወጣ አንዲት ልጅ አለች፣ ጓደኛዋ ሕፃናት ታስተምራለች፣ በአንዲት ነጥብ ከሥራ ልትወጣ ነው። ስም አይጠሩም። ያፌት ስም እንዳይጠሩ አስምሏቸዋል።

ሐመልማል የጎህን ሥራ «ላስብበት» ብላ አቆይታ በየማለዳው ከለላ በር ላይ ትቆማለች። እውነቱን ለሰው የመናገሩ ድርሻ የሷ ሆነ። መጀመሪያ አካባቢ መሬት መሬት እያየች ነበር የምትናገረው። እያደር ግን ሰዎቹ ፊት ላይ የምታየው ነገር ይማርካት ጀመር። ሰው የራሱ ያልሆነ ነገር ሊባል እንደሚችል ሲሰማ መጀመሪያ ይስቃል፤ ከዚያ ይቆጣል፤ ከዚያ አብዛኛው አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ «እናንተ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትኖሩት?»

የሷ ግምት ከሰማንያ ስድስት ወደ ሰባ አራት ወረደ። ወይዘሮ ኤደን ደወለች። «ምን ሆነው ነው?» አለች ተጨንቃ። የመክሊት ግን ስልሳ አንድ ላይ እንደተቸነከረ ቀረ። ትምህርቱ ሊያልቅ ቀርቧል።

ሰው የራሱን ግምት ምክንያት የመጠየቅ መብት አለው። መክሊት ጠየቀች። የቤቱ ድምፅ ምክንያቶቹን ረጋ ብሎ አነበበላቸው። የሚጠብቁት ነበር አብዛኛው። አራተኛው ግን እንዲህ አለ፦ «አብራት የምትኖረው ግለሰብ ወላጅ አባት፦ በየሳምንቱ የነበረ ጉብኝት በድንገት ተቋርጧል። በተመሳሳይ ቤተሰቦች ይህ መራቅን ያመለክታል።»

ሐመልማል አራተኛውን አስደገመችው።

«አባቴን ቆጥረውታል» አለች ሐመልማል። «አለመምጣቱን።»

ስልኳን አነሳች። መክሊት እጇን ያዘቻት።

«ለቁጥር ብለሽ እንዳትጠሪው» አለች። «ናፍቆሽ ከሆነ ጥሪው።»

ሐመልማል ስልኩን ይዛ ቆየች። ናፍቋታል። ግን በዚያች ሰዓት ብትደውል የትኛው እንደሚበልጥ ራሷም አላወቀችም። አስቀመጠችው። ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች፤ ስንጥቁን ካገኘችው በኋላ።

አቶ ናሆም ከለላ የመጡት ማክሰኞ ማለዳ ነው። ሐመልማል ሰልፉን እየተቀበለች ሳለ ግራጫ ባርኔጣ አየች። ከእድራቸው አራት ሽማግሌዎች ከኋላቸው ቆመዋል፤ ሁሉም ለልቅሶ ወይም ለሠርግ የሚለብሱትን ኮት ለብሰዋል፤ ሁሉም ሌላ ቦታ ያያሉ።

«አባዬ! ምን ትሠራለህ እዚህ?»

«ሥራ ፈልጌ ነው።»

«በሰባ ዓመትህ?»

«ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ሰለቸኝ። ሐናን የምትባል ሴትዮ ልቅሶ ላይ ስለዚህ ቤት ስታወራ ሰማሁ።»

ምን ያህል እንደሰሙ አልጠየቀችም። ግዴታዋ ስለሆነ ግን ለሁሉም የምትለውን አለች። «እዚህ ከገባህ ግምትህ...»

«አውቃለሁ።»

«እድሩ ውስጥ ይወራል።»

«እድሩ ይኸው ተሰልፏል» አሉ አባቷ፤ ከኋላ ካሉት ሽማግሌዎች አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ባርኔጣቸውንም አውልቀው ውስጡን እያዩ «ዓርብ ዓርብ አልመጣሁም» አሉ።

«አሞህ ነበር?»

«አላመመኝም። እግሬ እምቢ አለኝ እንጂ። ሁለት ጊዜ ግማሽ መንገድ ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ።»

ሐመልማል በሩን ከፈተችላቸው።

የሆነው ይህ ነው፦ የአባትና የልጅ መገናኘት ተቆጥሮ በዚያ ሳምንት መጨረሻ የመክሊት ግምት ሃምሳ ስምንት ገባ። ዳይሬክተሯ ጠርታት ነገሩ በመስተካከሉ ደስ እንዳላት ነገረቻት፤ በሚቀጥለው ትምህርት ዘመን ግን እንደገና እንደሚታይ አከለች። የሐመልማል ግምት ከስልሳ በታች ሲወርድ ጎህ የብዝኃነት ግብዣውን በትሕትና ሰረዘ። ከሁለት ወር በኋላ ግን የአሸዋ ማዕበል የተርባይኖቹን ክንፍ ሲበላው ወይዘሮ ኤደን መልሳ ደወለች፤ በዚህኛው ጊዜ የጠየቀችው ገመድ ላይ ስንት ሰዓት መቆየት እንደምትችል ብቻ ነበር። ሐመልማል ተቀጠረች። በከለላ በር መግባት ስለ ሰውየው ምንም እንደማይናገር ግምት ሻጮቹ ተረድተው በሩን ከስሌታቸው አወጡት። ያፌት ይህን ሲሰማ ግቢው ውስጥ ብቻውን ሲጨፍር ጥበቃው አይቶታል።

ያን ማክሰኞ ማለዳ ግን ይህን ማንም አያውቅም ነበር። አቶ ናሆም ያፌት ፊት ለፊት ቀጥ ብለው ተቀመጡ፤ እንድትኖር ስለፈቀዱም ሐመልማል ከኋላቸው ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«ምን ዓይነት ሥራ ትፈልጋለህ፣ አባቴ?» አለ ያፌት።

«ተቀምጬ የምሠራው።»

«ሙያ?»

«ሰው የት እንደሚወርድ መጠየቅ።»

ያፌት ፈገግ አለ። «አሁን የምትነግረኝ ይቆለፋል። ካንተ ድምፅ በቀር የሚከፍተው የለም። ከዚህ ክፍል አይወጣም።»

«ይሁን።»

«ሥራ ላይ ሳለህ አንድ ነገር ብትሆን ለማን እንደውል?»

«ለልጆቼ» አሉ አቶ ናሆም።

ሐመልማል ቀና አለች።

«ስማቸውን ንገረኝ።»

«ሐመልማል ናሆም» አሉ። ቀጥሎ «መክሊት...» ብለው አቆሙ። ጣታቸው ጠረጴዛውን አንዴ መታ። ከዚያ ከመጡ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«የአባቷ ስም ማነው?» አሉ። «ጠይቄሽ አላውቅም።»

«አሮን ነው፣ አባዬ።»

«አሮን» አሉ፣ እንዳይረሱት ይመስል። ወደ ያፌት ተመለሱ። «መክሊት አሮን። ጻፋት።»